በድሬዳዋ ታሪክ ውስጥ የሕያዋን አሰያየምና ምደባ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሕያዋን ምደባ የሚባለው የሥነ ሕይወት ክፍል ከፈተና ጥያቄነት አልፎ በአንድ ከተማ ኑሮ ላይ ምን ያህል ሲሠራ እንደ ኖረ ከድሬዳዋ ታሪክ በመነሣት ማሳየት ነው። ድሬዳዋ የተመረጠችው ያለ ምክንያት አይደለም። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ወደ ሐረር ደጋ መውጣቱ አስቸጋሪ ሆኖ በመገኘቱ መስመሩ ቆላ ለቆላ እንዲያልፍ ሲወሰን በ1902 ከተራራው ግርጌ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ስለሆነም ከተመሠረተችበት ቀን ጀምሮ በር ሆና ኖራለች፤ ሰዉም፣ ሸቀጡም፣ ዘሩም፣ ተባዩም በእርሷ በኩል ሲገባና ሲወጣ ኖሯል። በበር የሚገባውን ለይቶ ለማወቅ ደግሞ ስም ያስፈልጋል። የከተማዋ ታሪክ እንደሚያስረዳው ግን ስሙ ብዙውን ጊዜ ከባለ ስሙ ዘግይቶ ነው የደረሰው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስ ያስፈልጋል።

እንደሚታወቀው ዛሬ የምንሠራበትን የሁለት ቃል አሰያየም ሥርዓት ያቆመው ስዊድናዊው ሊኔየስ ሲሆን፣ ለዕፀዋት በ1753፣ ለእንስሳት በ1758 ባሳተማቸው መጻሕፍት መሠረቱን ጥሏል። የመጀመሪያው ቃል ወገንን፣ ሁለተኛው ዝርያን ያመለክታል፤ ተቀራራቢ ወገኖች በአንድነት አስተኔ ይባላሉ። ሊኔየስ ይህን ሲያደርግ የተፈጥሮን መዝገብ የማደራጀት ሥራ እንጂ የዘር ሐረግ የመቁጠር ሥራ የሚሠራ አልመሰለውም ነበር። ዳርዊን በ1859 መጽሐፉን ካወጣ በኋላ ግን መዝገቡ የትውልድ ሐረግ ሆኖ ተገኘ። ሁለት ዝርያዎች በአንድ ወገን ውስጥ የሚመደቡት ስለሚመሳሰሉ ብቻ ሳይሆን ከአንድ የጥንት ዘር የወረዱ በመሆናቸው ነው። በትምህርት አሰጣጣችን ምደባ በአንድ ምዕራፍ፣ አዝጋሚ ለውጥ በሌላ ምዕራፍ ተለያይተው መሰጠታቸው ይህን ዝምድና የሚሰውር ይመስለኛል። ተማሪው የአስተኔዎችን ስም በቃሉ ያጠናል፤ ስሞቹ ታሪክ መሆናቸውን ግን አይረዳም።

ከድሬዳዋ በስተደቡብ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከደቻቱ ደረቅ ወንዝ 140 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ በኖራ ድንጋይ ኮረብታ ላይ አንድ ዋሻ ይገኛል። ፈረንሳዮች ፖርኬፒክ ብለውታል፤ ትርጓሜው ጃርት ማለት ነው። በቀይ ባሕር ንግዱና በደራሲነቱ የታወቀው ፈረንሳዊ አንሪ ደ ሞንፍሬድ በ1920ዎቹ ዓመታት ዋሻውን ካገኘው በኋላ፣ በ1929 ከቅሪተ አካል ሊቁ ከፒየር ቴያር ደ ሻርደን ጋር ሆኖ የመጀመሪያውን የሙከራ ቁፋሮ አደረገ። በ1933 አንሪ ብሩይና ፖል ቬርነር ሰፋ ያለ ቁፋሮ ያካሄዱ ሲሆን፣ ከዚያም በኋላ በ1974 እና ከ1975 እስከ 1976 በዴዝመንድ ክላርክ የሚመራው ቡድን ሥራውን ቀጥሎበታል።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ያሻል። ቴያር ደ ሻርደን የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል፣ ብሩይም የካቶሊክ ካህን ነበሩ። ቴያር ስለ ሰው አመጣጥ በያዘው አስተሳሰብ ምክንያት በ1920ዎቹ በፓሪስ እንዳያስተምር በበላዮቹ ተከልክሎ ወደ ቻይና የተላከ፣ ስለ አዝጋሚ ለውጥ የጻፋቸው ዋና ዋና መጻሕፍትም በ1955 ከሞተ በኋላ የታተሙለት ሰው ነው። ይህም ሆኖ ማኅበሩን አልተወም፤ ምርምሩንም አላቋረጠም። በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ መካከል ባደጉ የድሬዳዋ ልጆች ፊት ቆሞ ስለ አዝጋሚ ለውጥ የሚያስተምር መምህር ከኋላ ወንበር የሚነሣለትን ጥያቄ አስቀድሞ ያውቀዋል። የቴያር ታሪክ ለዚያ ጥያቄ መልስ አይሆንም፤ መምህሩም እንደ መርቻ ሊጠቀምበት አይገባም። ነገር ግን ጥያቄው የእነርሱ ብቻ አለመሆኑን፣ ይልቁንም ከከተማቸው በላይ ያለውን ኮረብታ በመጀመሪያ የቆፈረው ሰው ራሱ ዕድሜውን በሙሉ ይዞት የኖረ ጥያቄ መሆኑን ለተማሪዎቹ ማሳወቅ ይቻላል።

በ1933 ከተገኙት ነገሮች መካከል አንድ የሰው መንጋጋ ቁራጭ ነበር። ስለ እርሱ የተሟላ መግለጫ የወጣው ከ18 ዓመት በኋላ በ1951 ነው። መግለጫውን የጻፈው ፈረንሳዊው ሊቅ አንሪ ቫሏ በመንጋጋው ላይ የኔያንደርታል ሰው ጠባይና የዛሬው ሰው ጠባይ ተደባልቀው እንደሚታዩ ገለጸ። ኔያንደርታል የአውሮፓና የምዕራብ እስያ ሰው ነው፤ በአፍሪካ ምድር ግን አጽሙ አልተገኘም። ታዲያ ቫሏ ስለምን ወደዚያ ሄደ ቢባል፣ በዚያን ዘመን ለጥንታዊ ሰው ሁሉ መለኪያ የነበረው አውሮፓ ውስጥ የተገኘው አጽም ስለ ነበር ነው። በ1967 በኦሞ ኪቢሽ የተገኙት የሆሞ ሳፒየንስ አጥንቶች፣ ዕድሜያቸውም በ2022 በወጣ ጥናት ወደ 230,000 ዓመት ገደማ ከፍ ማለቱ፣ ነገሩን ሁሉ ገለበጠው። የፖርኬፒክ ነዋሪዎች ከዛሬ 40,000 ዓመት ገደማ በፊት የነበሩ ናቸው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ የዛሬው ሰው ዝርያ በዚህ ምድር ላይ እጅግ ረጅም ዘመን ኖሮ ነበር። መለኪያው ተለወጠ እንጂ መንጋጋው ያው ነው።

ከዋሻው የወጣው ሌላው ሀብት ከመንጋጋው ይልቅ ይበልጥ ይናገራል። በ2017 የታተመ ጥናት እንዳረጋገጠው 40 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ 4,213 የቀይና የቢጫ አፈር ቀለም ቁርጥራጮች በዋሻው ተገኝተዋል፤ ሰዎቹም ቀለሙን እየፈጩ 4,500 ዓመት ለሚሆን ጊዜ ሳያቋርጡ ሠርተውበታል። እንዲሁም መሀል ለመሀል ቀዳዳ ያላቸው ከ400 የሚበልጡ የምድር ቀንድ አውጣ ክዳኖች የተገኙ ሲሆን፣ ለጌጥነት ውለው ሊሆን እንደሚችል ተመራማሪዎች አመልክተዋል። የእንስሳቱን አጥንት በዝርዝር አጥንቶ በ2006 ያሳተመው ኢትዮጵያዊው ምሁር ዘላለም አሰፋ ነው። ከቁፋሮው እስከዚህ ጥናት 30 ዓመት ማለፉን የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ልብ ሊሉት ይገባል። አጥንት መቆፈር የአንድ ወቅት ሥራ ነው፤ አጥንቱን ከየትኛው ዝርያ እንደ ሆነ ለይቶ የሚሰይም ሰው ማፍራት ግን የአንድ ትውልድ ሥራ ነው።

ከድሬዳዋ በስተሰሜን ምዕራብ በሚዘረጋው የአፋር ምድር የተደረጉት ግኝቶች የዓለምን የሰው ዘር ምደባ ብቻ ሳይሆን ቃላቱንም ጭምር አበልጽገዋል። በ1974 የተገኘችው ድንቅነሽ የምትመደብበት ዝርያ በ1978 አፋሬንሲስ ተባለ፤ በ1994 የወጣው ራሚዱስ የሚለው ስም ሥር ማለት ከሆነው የአፋርኛ ቃል የተወሰደ ነው፤ በ2003 የተሰጠው ኢዳልቱ የሚለው ስምም በአፋርኛ ሽማግሌ ማለት ነው። እነዚህን ስሞች እንደ ላቲን ቃል የሚሸመድዱ ተማሪዎች ትርጉማቸውን አፋርኛ ከሚናገረው የክፍል ጓደኛቸው ሊጠይቁ ይችሉ ነበር።

ከሰው ወደ ዛፍ እንሸጋገር። የድሬዳዋን ሜዳና የደቻቱን ዳርቻ የሚያውቅ ሁሉ ጥላው እንደ ጃንጥላ የተዘረጋውን ግራር ያውቀዋል። ኦሮሞው ዸዸቻ፣ ሶማሌው ቁዻዕ ይለዋል፤ ከሌሎቹ የግራር ዓይነቶች ለይቶ መሰየሙ ፍየልና ግመል የሚያረባ ሰው የትኛው ዛፍ በየትኛው ወር ፍሬውን እንደሚያራግፍ ማወቅ ስላለበት ነው። በአማርኛችን ግን ግራር የሚለው አንድ ቃል ለብዙ ዝርያዎች ያገለግላል። ይህን ዛፍ በሳይንሳዊ ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የመዘገበው የሊኔየስ ተማሪ የነበረው ፎርስካል ሲሆን፣ እርሱም በ1763 ከጅቡቲ ባሻገር ባለችው የመን ውስጥ በበሽታ ሞቶ መጽሐፉ በ1775 ታተመለት። በዚያ መጽሐፍ ዛፉ ሚሞሳ ተባለ። በኋላ አካሺያ ወደሚለው ወገን ተዛወረ። ጥናቱ እየረቀቀ ሲሄድ አካሺያ የተባለው ሰፊ ወገን ከአንድ ዘር ያልወረዱ ቡድኖች ስብስብ ሆኖ በመገኘቱ መከፋፈል ግድ ሆነ፤ ስሙ ለማን ይቅር በሚለው ጉዳይም ክርክር ተነሣ። በ2005 በቪየና፣ በድጋሚም በ2011 በሜልበርን የተሰበሰቡት የዕፀዋት ሊቃውንት ስሙ 1,000 ያህል ዝርያዎች ላሉት ለአውስትራሊያው ቡድን እንዲጸና ወሰኑ። ከአፍሪካ በኩል ብርቱ ተቃውሞ ቢቀርብም የእኛው ግራር ቫቸሊያ ተባለ። አሮጌውን ስም የያዘ መጽሐፍ በእጁ ያለ መምህር በዚህ ሊደናገጥ አይገባውም፤ እንዲያውም ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን በሰሌዳ ላይ ጽፎ ለምን እንደ ተለወጡ ቢያስረዳ፣ ምደባ ከሐረግ ጥናት ጋር እንዴት እንደሚጓዝ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አያገኝም።

ከግራሩ ጋር የሚመሳሰል ሌላ ዛፍ አለ። ቅጠሉ እንደ ግራር ቅጠል በደቃቁ የተሸነሸነ፣ ግንዱ እሾሃም፣ ፍሬው ረጅም ቆባ ያለው ነው። ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ ይባላል። መመሳሰሉ እንዲያው የመጣ አይደለም፤ ሁለቱም በባቄላ አስተኔ ውስጥ የሚመደቡ የሩቅ ዘመዳሞች ናቸው። ይህም ዛፍ በ1788 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመዘገብ ልክ እንደ ግራራችን ሚሞሳ ተብሎ ነበር፤ በ1825 ፕሮሶፒስ ተባለ፤ በ2022 ደግሞ ወገኑ ተከፋፍሎ ኔልቱማ የሚል ስም ተሰጠው። የትውልድ ምድሩ የአሜሪካ አህጉር ደረቅ ቆላና የካሪቢያን ደሴቶች ናቸው።

ዛፉ ወደ አገራችን የገባው በ1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ ሲሆን፣ በመጀመሪያ የተተከለበት ቦታ ድሬዳዋ የሚገኘው የጎሮ ችግኝ ጣቢያ እንደ ሆነ የዘርፉ ጽሑፎች ይገልጻሉ። አሳቡ ክፉ አልነበረም። ድርቁና ረሀቡ ከተከሰተ ጥቂት ዓመታት ብቻ ማለፋቸው ነበር፤ የማገዶ እጥረት፣ የአፈር መሸርሸርና የአሸዋ ነፋስ ያስጨነቃቸው ባለሙያዎች ውኃ ሳይሻ ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ይፈልጉ ነበር። ዓለም አቀፉ ምክርም ይኸው ነበር፤ በ1980 በአሜሪካ የሳይንስ አካዳሚ የታተመው የማገዶ ዛፎች መጽሐፍ ፕሮሶፒስን ከሚመከሩት መካከል ዘርዝሮታል። በ1980ዎቹ ወደ መካከለኛው አዋሽ ተሻግሮ በእርሻ ልማቶች አካባቢ ለጥላና ለነፋስ መከላከያ ተተከለ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር በአዝጋሚ ለውጥ ትምህርት ብቻ የሚፈታ ነው። አንድ ተክል በትውልድ ምድሩ ሲኖር ዘሩን የሚበሉ ነቀዞች፣ ቅጠሉን የሚያጠቁ ተባዮችና በሽታዎች አብረውት ተለውጠው አብረውት ይኖራሉ፤ ልኩን የሚያስይዙት እነርሱ ናቸው። ዘሩ ባሕር ተሻግሮ ሲመጣ ጠላቶቹ ቀሩ። በአንጻሩ እዚህ የጠበቁት ወዳጆች ነበሩ። ፍየሉ፣ ከብቱና ግመሉ ጣፋጭ ፍሬውን ይበላሉ፤ ጠንካራው ዘር በሆዳቸው አልፎ ለመብቀል ይበልጥ ተዘጋጅቶ ከፋንድያ ጋር በየመንገዱና በየወንዙ ዳር ይወድቃል። ቅጠሉን ግን እምብዛም አይወዱትም፤ ስለሆነም ሣሩና የግራሩ ችግኝ ሲጋጥ እርሱ ሳይነካ ይቀራል። ቢቆርጡት ከሥሩ መልሶ ያቆጠቁጣል። አንድ ተመራማሪ ቡድን በሳተላይት ምስል ለክቶ በ2019 ባሳተመው ጥናት መሠረት ዛፉ በ35 ዓመት ውስጥ በአፋር ክልል ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ወርሯል። የኢትዮጵያ መንግሥት ዛፉን ለመቆጣጠር የሚያስችል ብሔራዊ ስልት ያወጣው በ2017 ነው።

የአገራችን ዕፀዋት መዝገብ የሆነው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት የተሰኘው ታላቅ ሥራ በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተፈጸመ ሲሆን፣ የባቄላ አስተኔን የያዘው ጥራዝ የወጣው በ1989 ነው። እንግዲህ በጎሮ ችግኙ ሲፈላ በምድራችን ያሉት የዛፉ ዘመዶች ገና በዚህ መዝገብ አልሰፈሩም ነበር። ይህን የምናገረው የዚያን ዘመን ባለሙያ ለመውቀስ አይደለም፤ የደን ልማት ዕቅድና የምደባ ሥራ በሁለት የተለያዩ ቤቶች፣ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ ይካሄዱ እንደ ነበር ለማሳየት ነው። የአፋር አርብቶ አደር ግን ማንንም ሳይጠብቅ ስም አወጣ፤ ደርጊ ሐራ አለው፤ የደርግ ዛፍ ማለት ነው። በዚህ አንድ ስም ውስጥ ዛፉ መጤ መሆኑ፣ የገባበት ዘመንና ያስገባው አካል ሦስቱም ተመዝግበዋል። በ1980ዎቹ በድሬዳዋና በሐረርጌ ለታየው፣ አማርኛ ተናጋሪው ቅንጬ አረም ለሚለው መጤ አረም የምሥራቅ ሐረርጌ ገበሬ የሰጠው ስምም እንዲሁ ነው፤ ፈረምሲሳ፣ ማለትም መሬትህን ፈርመህ እንድትለቅ የሚያደርግህ። እነዚህ ስሞች ዝርያን ከዝርያ የሚለዩት በአበባ ክፍል ሳይሆን ባደረሱት ጉዳት ነው፤ እንደ ታሪክ ሰነድ ግን ከብዙ የመሥሪያ ቤት ፋይል የሚበልጡ ናቸው።

አሮጌውን የባቡር ሐዲድ ተከትሎ ከድሬዳዋ ወደ አዋሽ ለሚጓዝ ሰው የአላይደጊ ሜዳ በስተቀኝ ይገኛል። ደቃቅ መስመር ያላት ግሬቪ የምትባለው የሜዳ አህያ ከምትገኝባቸው ጥቂት የኢትዮጵያ ቦታዎች አንዱ ነው። የስሟ ታሪክ ከእኛው ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው፤ በ1882 የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ለፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ለዡል ግሬቪ ባበረከቱት እንስሳ መነሻነት ፓሪስ ያለው የእንስሳት ሊቅ አዲስ ዝርያ መሆኗን ለይቶ በፕሬዚዳንቱ ስም ሰየማት። ዛሬ በዓለም ላይ የቀረችው 3,000 ገደማ ብቻ ስትሆን፣ ከአገራችን ውጭ የምትገኘው በኬንያ ነው። የአላይደጊን ሣር ከሚያጠቡባት ነገሮች አንዱ ከጎሮ ጋር የሚዛመደው ዛፍ ነው።

የመጨረሻው ምሳሌ ትንሹና አስቸኳዩ ነው። በኢትዮጵያ ወባን በዋናነት የምታስተላልፈው ትንኝ በዝናም ጊዜ በሚጠራቀም የሜዳ ኩሬ የምትራባ ስለሆነች፣ በበጋ የከተማ ሰው ከወባ ብዙም አይሰጋም ነበር። አኖፊለስ ስቴፈንሲ ግን በደቡብ እስያ ከተሞች ከሰው ጋር ኖራ የለመደች፣ በበርሜል፣ በታንከርና በግንባታ ጉድጓድ ውኃ የምትራባ ናት። በ2012 በጅቡቲ ተገኘች፤ በዚያ ዓመት 27 የወባ ሕሙማን ብቻ የተመዘገቡባት አገር በ2020 ከ73,000 በላይ መዘገበች። በ2016 በቀብሪ ደሃር ታየች። በድሬዳዋ በ2019 ከጥር እስከ ግንቦት ባሉት ወራት 205 የነበረው የሕሙማን ቁጥር በ2022 በእነዚያው ወራት 2,425 ደረሰ፤ ወረርሽኙን ያጠኑት ሊቃውንት ከዚህች ትንኝ ጋር በቅርብ የተያያዘ መሆኑን አረጋገጡ።

ለምደባ መምህር እጅግ የሚጠቅመው ክፍል ይህ ነው። የአፍሪካን የወባ ትንኞች ለመለየት ባለሙያዎች ለረጅም ጊዜ የሠሩበት መለያ መጽሐፍ የታተመው በ1987 ሲሆን፣ ስቴፈንሲ የአፍሪካ ትንኝ ስላልነበረች በውስጡ አልተካተተችም። መለያ መጽሐፍ ደግሞ ጥያቄ በጥያቄ እየመራ ወደ አንድ ስም የሚያደርስ መንገድ ነው፤ በመንገዱ ላይ የሌለ ስም ሊደረስበት አይችልም። ስለሆነም በማይክሮስኮፕ ሥር የተቀመጠች እንግዳ ትንኝ የአገሬው ትንኝ ስም እየተሰጣት ልታልፍ ትችል ነበር፤ ማንነቷን ለማረጋገጥ የዘረመል ምርመራ አስፈለገ። እርሷን የጨመረው አዲሱ መለያ የወጣው በ2020 ነው። የስሙ ስሕተት የቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የአገሬውን ትንኝ ለመከላከል ሜዳ ላይ ኩሬ የሚያደርቅ ሠራተኛ ግቢ ውስጥ ያለውን በርሜል አይከድንም።

ለዚህ ትምህርት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በድሬዳዋ በበጋ ወራት ውኃ ከሚጠራቀምበት ዕቃ አንድ ብርጭቆ ቀድቶ በመስኮት አጠገብ ማስቀመጥ ይበቃል። እጮች ካሉበት ተማሪዎች አቀማመጣቸውን ይመልከቱ፤ የአኖፊለስ እጭ ከውኃው ገጽ ጋር ትይዩ ሆና ትጋደማለች፣ የሌሎቹ ትንኞች እጭ ግን በጅራቷ በኩል ባለው መተንፈሻ ቱቦ ከገጹ ተንጠልጥላ ራሷን ቁልቁል ትደፋለች። የተጋደመች እጭ በበጋ፣ በቤት ዕቃ ውስጥ ከተገኘች የተቀዳበት ቦታና ቀኑ በመዝገብ ተጽፎ በአቅራቢያው ላለው የጤና ጽሕፈት ቤት መነገር ይኖርበታል። በብርጭቆው ውስጥ ያለው ውኃ ከታየ በኋላ በደረቅ መሬት ላይ ይደፋል።